ጋሽ ወርቁን የገደልኩባት አንድ መስመር

ጉልበቴ ባይታመም ኖሮ ጋሽ ወርቁ ባልሞቱ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳውንታውን ያለ የአንድ ካዚኖ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነኝ። ሰዎች ገንዘባቸውን ውስጥ ይጥላሉ፤ መኪናቸውን ደግሞ እኔ ጋ መጥተው ይፈልጋሉ። ሺፍቴን ሙሉ «ነጭ ነበረች» የሚል ሰው አስከትዬ፣ ከአንዷ ነጭ መኪና ወደ ሌላዋ፣ ፎቅ ለፎቅ ስወጣና ስወርድ ጉልበቴ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ባየሁ ቁጥር ቅናት ያቃጥለኛል። የአውቶቡስ ሾፌር ሳይ እንኳ «አይ መታደል!» እላለሁ።

ሰፈራችን ላይብረሪ ውስጥ በነጻ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት እንዳለ የነገረችኝ ባለቤቴ ሰናይት ናት። ቋንቋው ፓይተን ይባላል፤ ለጀማሪ ይሆናል ብለውናል። ስሙ ዘንዶ ማለት መሆኑን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ከእባብ ጋር ተነጋግሮ የተጠቀመ ሰው አላውቅም» አለች። ሰናይት መጽሐፍ ቅዱስ የምታነበው በቁም ነገር ነው።

አስተማሪያችን ሚስተር ሬይ የሚባሉ ፊሊፒናዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሲያድሉ ኖረው፣ ኮምፒውተር የተማሩት በስተርጅና ነው። እጃቸው በከንቱ አይንቀሳቀስም፤ አፋቸውም እንደዚያው። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ስም ጠይቆ ሰላምታ የሚሰጥ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ሌላው ተማሪ በሁለት በሦስት መስመር ተገላገለ። የእኔ ፕሮግራም ግን ሰው የሚያከብር ፕሮግራም ነው፤ ስም ከመጠየቁ በፊት እንዴት ሰነበቱ ይላል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ ልጅ የለኝም ላለው ደግሞ ያጽናናል። ሚስተር ሬይ እያነበቡ ቁልቁል ወረዱ፣ ወረዱ፣ አሁንም ወረዱ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ መስመር ቢቀር ምን ይጎድላል?» አሉኝ። አንዱን አጠፋሁት፤ ምንም አልጎደለም። ሌላውንም አጠፋሁ፤ ምንም። ሁለት መስመር ሲቀረኝ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ።

ያች ጭብጨባ ናት ያበላሸችኝ።

የማሳጠር በሽታ ያዘኝ። ለሰናይት «ውዴ፣ ስትመለሺ እባክሽ ዳቦ ይዘሽ ነይ» ብዬ ቴክስት አደርግ የነበርኩት ሰውዬ «ዳቦ» ብቻ መላክ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ጸልይ ሲሉኝ ተነሥቼ «ጌታ ሆይ፣ ሁሉን ታውቃለህ፤ አሜን» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰናይት አንድ ቀን አገጬን ይዛ «አንተ ሰውዬ፣ ተቀይመኸኛል ወይስ ታመሃል?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት።

ቀጥሎ የተማርነው የሚወጣውን ጽሑፍ ማሰለፍ ነው። ስሞች በግራ፣ ቁጥሮች በቀኝ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቤታችን ያለውን ቅመም ሁሉ ስሙን እየጻፍኩ አሰለፍኩት። የሚያሰልፈው ቁጥር ነው፤ ለዚህ ቃል ይህን ያህል ቦታ ያዝለት እንደማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከቁጥሩ ፊት ነጥብ ትቀመጣለች። የነጥቧን ሥራ ሚስተር ሬይ ሲያስረዱ እኔ በሐሳቤ አንድ ቢሮ ውስጥ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ለጌጥ መሰለችኝ።

አሁን ወደ ሟቹ ልምጣ።

ጋሽ ወርቁ ከጥንት ስደተኞች አንዱ ናቸው። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ ሻንጣ ሲያነሱና ሲያወርዱ ነው ወገባቸው የጎበጠው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግማሹ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው በእሳቸው ነው፤ እኔም ጭምር። በቅርቡ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ «ሰው ጠርተን ደስ ይበለን» ቢሏቸው «ሻንጣ ማውረድ ይከበራል እንዴ? ለእኔ ብሎስ ማን ይመጣል?» ብለው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ስልካቸውን ዘግተው፣ የጋራዡን በር ከፍተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ማየት ሆነ ሥራቸው። ምግብ ቀነሱ። ወሬም ቀነሱ።

እትዬ ጽጌ ጨነቃቸውና ወደ እኔ መጡ። «ሳይሰማ ሰው እንጥራለት፤ አንተ ያን መልእክትህን ላክልኝ» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ በስልክ የምልከው እኔ ነኝ። ለዚህ የሠራሁት ፕሮግራም ረጅም ግን ደርባባ ነበር፤ ሰውን ሁሉ በማዕረጉና በሙሉ ስሙ ይጠራል፣ መልእክቱ ሲበዛም መላኪያው አጭር ጽሑፍ ብቻ ስለሚቀበል ለሁለት ከፍሎ ይልካል። እትዬ ጽጌ እስኪጽፉ ድረስ ይህችን ፕሮግራም ከፈትኳት። «ይህ ቢቀር ምን ይጎድላል?» እያልኩ ቆርጬ ቆርጬ አንድ መስመር ላይ አደረስኳት። መጨረሻዋ ላይ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ፊት ደግሞ ነጥብ አስቀመጥኩ። አምሮባት ነበር።

እትዬ ጽጌ ጽሑፍ ያውቃሉ። የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ውድ አባታችን ጋሽ ወርቁ ከብዙ ዘመን ድካም አርፈዋልና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤታቸው ተገኝተን የጡረታ በዓላቸውን በደስታ እናክብር።»

ግዴለሽ ሰው እንዳልመስላችሁ፤ ቼክ አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ለራሴ ላክሁት። የእኔ ስም ሁለት ፊደል ናት፣ የአባቴን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም፣ ማዕረግ የሚባል ነገርም የለኝም። መልእክቱ አንድም ሳይጎድል ደረሰኝ። ከዚያ ለምእመናኑ በሙሉ ለቀቅሁት።

በማግስቱ መኪናዋን ለሰናይት ትቼ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወይዘሮ አስካለን አገኘኋቸው፤ የእትዬ ጽጌ ጓደኛ ናቸው፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«የጋሽ ወርቁን ሰማህ?» አሉኝ።

«መልእክቱን የላኩት እኔ አይደለሁ?» አልኩ በኩራት።

«ምነው ታዲያ እንዲያ ባጭሩ!»

ማጠሩን ልብ ብለውልኛል! «አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና «በድንገት ነው?» አሉ።

«ኧረ ቆይቷል። እሳቸው አሻፈረኝ ብለው ነው እንጂ እትዬ ጽጌ ከዓምና ጀምሮ ሲወተውቷቸው ነበር።»

«ማን? ጽጌ?»

«አዎ፤ አሁንስ በቃህ፣ እረፍ እያሉ። በመጨረሻ ሆቴሉም ተስማማ። ወረቀት ተፈራረሙና ገላገሏቸው።»

«ወይኔ ጌታዬ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን ይዘው።

«ምን ያስለቅሳል? ታድለው! እኔም ቀኔ ደርሶ ባረፍኩ!»

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና እስክወርድ ድረስ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጸለዩልኝ። ለጉልበቴ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

ቅዳሜ የእኔ ድርሻ ጋሽ ወርቁን ከቤት ማውጣት ነበር። «ጉልበቴን የሚያሽልኝ ሾርባ አለ፣ ብቻዬን መሄድ አስጠላኝ» ብዬ ስለምናቸው ሳይወዱ መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ቻይናታውን አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። እትዬ ጽጌና ሰናይት ቤት ቀርተው ፊኛ ይነፋሉ።

ሾርባው ከመጣ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት።

«ጋሽ ወርቁ የት ናቸው?»

ጋሽ ወርቁ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ማንኪያውን ይመረምራሉ። ምስጢሩ እንዳይወጣ በዘዴ መናገር አለብኝ። «አታስቢ፣ ሁሉም በታሰበው መንገድ አልቋል» አልኳት።

«ምን ማለትህ ነው? እንዴት ናቸው?»

«ምንም አያውቁም። ጭጭ ብለዋል።»

ከወዲያ በኩል የእትዬ ጽጌ ጩኸት ጆሮዬን በጠሰው። ለካ ስልኩ ለሁለቱም እንዲሰማ ተከፍቷል።

እዚያ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ጽጌ አፋቸው ላይ ፊኛ እንደያዙ ከፈቱ። አቶ ገብረማርያም ወልደጊዮርጊስ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ከኋላቸው አሥራ ምናምን ሰው አስከትለው ቆመዋል። «እህቴን! ምን ጉድ ነው የሰማነው!» ብለው በእንባ ታጠቡ። የእትዬ ጽጌ ባል ደግሞ አሁን በእኔ መኪና ነው የወጣው፤ የእኔን አነዳድ ያውቁታል። ፊኛውን ለቀቁትና ወንበር ላይ ወደቁ።

«አንተ!» አለች ሰናይት። «ድምፃቸውን አሰማን! አሁኑኑ!»

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጋሽ ወርቁ «ሃሎ፣ ጽጌ?» አሉ። «ሾርባ እየጠጣሁ ነው... እኔ ነኛ፣ ማን ልሆን ነው? ... ኧረ ምን ሆነሻል?» ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ታለቅሳለች» አሉ። «ስደውልላት ወተት አልቋል ነበር የምትለኝ። ድምፄን ሰምታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።»

ሽንት ቤት ብዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሰናይት ከአቶ ገብረማርያም ስልክ ላይ የደረሳቸውን አነበበችልኝ፦ «ለተከበሩ ወንድማችን አቶ ገብረማርያም ወልደጊዮርጊስ፦ ውድ አባታችን ጋሽ ወርቁ ከብዙ ዘመን ድካም አርፈዋልና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤታቸው ተገኝተን»።

«ተገኝተን... ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ የለም! ተገኝተን ብሎ ቆመ! ተገኝተን ምን እናድርግ? ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ!»

የቀረውን ኔትወርኩ በላው ብዬ ደመደምኩ። ጥፋተኛ ስፈልግ ከራሴ የምጀምር ሰው አይደለሁም። እዚያው ፓርኪንግ ላይ ቆሜ፣ በስልኬ ያንኑ ፕሮግራም ከፍቼ ማስተባበያ ላክሁ። የዚያን ቀን ግን ማሳጠር ተውኩ፤ ይቅርታ በማዕረግ ይጠየቃል ብዬ አስረዘምኩት፦ «በቀደመው መልእክት ምክንያት ስለተፈጠረው ስሕተት ከልብ ይቅርታ እየጠየቅን ጋሽ ወርቁ ሞተዋል የተባለው ፈጽሞ ሐሰት መሆኑን እንገልጻለን።»

ለአቶ ገብረማርያም የደረሳቸው ግን «ሞተዋል» እስከሚለው ድረስ ነበር።

በዚያች ደቂቃ እትዬ ጽጌ እንባቸውን ጠርገው፣ በደስታ እየሳቁ፣ «አልሞተም እኮ! አሁን አነጋገርኩት! ቻይናታውን ሾርባ እየጠጣ ነው!» እያሉ ለቀስተኛውን ሊያሳምኑ ይታገላሉ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ወይዘሮ አስካለ «ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነካው» ብለው አቀፏቸው። ይኼኔ የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሰዎቹ አነበቡ። ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

እኔም ጋ ስልክ መጣ። መስፍን የሚባል ወንድማችን ነው፤ ከከተማው ውጭ ኤፔክስ የሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። «ትናንት ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር» አለኝ እየተንሰቀሰቀ፤ «እናንተው ይቅርታ ጠይቃችሁ ካረጋገጣችሁት ግን ምን እላለሁ! ከሥራ አስፈቅጄ እየመጣሁ ነው።»

ሾርባውን ጥለን ወጣን። ጋሽ ወርቁ «ጉልበቱ ተሻለህ እንዴ? ምን ያስሮጥሃል?» ይሉኛል። ሰፈራቸው ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል፤ እኔ የመኪና ማቆሚያ ሰውዬ ቦታ አጣሁ። ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን አስግገው «ከጎረቤት አንዱ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

በሩ ክፍት ነበር። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል፤ ያየን የለም። መሐል ላይ አቶ ገብረማርያም ቆመው ይናገራሉ። እኚህ ሰውና ጋሽ ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማይክ ድምፅ የተነሣ እሑድ እሑድ የሚነታረኩ ናቸው።

«እዚህ አገር ስገባ ኮት አልነበረኝም» ይላሉ አቶ ገብረማርያም። «ለሥራ ኢንተርቪው የራሳቸውን ኮት አውልቀው አለበሱኝ። እጅጌው አጥሮኝ ነበር። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ትልቅ ሰው ትመስላለህ አሉኝ...»

ጋሽ ወርቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ» አልኩ።

«እኔ?»

«ስሕተት ነው ጋሽ ወርቁ፣ በእኔ ምክንያት ነው፣ አሁን ገብቼ እነግራቸዋለሁ...»

ክንዴን ያዙኝ። «ቆይ» አሉ በሹክሹክታ። «ይጨርስ።»

ቆምን። አቶ ገብረማርያም ቀጠሉ፤ ከእሳቸው በኋላ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሷት ጋሽ ወርቁ እንደሆኑ ተናገረች። ሌላው ደግሞ መንጃ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንደወደቀና በእያንዳንዱ ጊዜ ማን እንደወሰደው። የጋሽ ወርቁ እጅ ክንዴ ላይ ጠበቅ እያለ መጣ። ዞር ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

አቶ ገብረማርያም ድጋሚ ተነሡ። «የሚቆጨኝ» አሉ ደረታቸውን እየመቱ፤ «ያን ኮት አልመለስኩላቸውም!»

«እኔም ስፈልገው ነበር» አሉ ጋሽ ወርቁ ከበሩ ላይ።

የተከተለውን ለመግለጽ አንድ መስመር አይበቃም። ወይዘሮ አስካለ ሶፋው ላይ ወደቁ። አንዱ በጓሮ በር ወጥቶ ሮጠ፤ እስካሁን እኔ ነበርኩ ብሎ ያመነ የለም። አቶ ገብረማርያም እንደ ሐውልት ቆመው ቀሩ፤ ከዚያ ሄደው የጋሽ ወርቁ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እትዬ ጽጌ ሁለቱንም በያዙት ፊኛ ደበደቧቸው።

በዓሉ ተከበረ። ሰው በጥቁር ልብሱ ኬክ በላ፣ በጥቁር ልብሱ እያጨበጨበ ዘመረ። ዘግይቶ የሚመጣ ለቀስተኛ ግን አልቆመም፤ ጋሽ ወርቁ ደግሞ በሩን ካልከፈትኩ ብለው እዚያው ወንበር አስቀመጡ። መስፍን ከኤፔክስ እያለቀሰ ሲደርስ በሩን ከፍተው «ግባ ልጄ፣ ምግብ ሳያልቅብህ» አሉት። ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ጠየቀ።

እኔ ጥግ ይዤ ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ እየደወልኩ፣ በአፌ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስተባበልኩ። ወይዘሮ አስካለ ሲነቁ አጠገቤ መጥተው «ያ የተፈራረሙት ወረቀት ምንድን ነው?» አሉኝ። ጡረታ እንደሆነ አስረዳኋቸው። አሁንም በሙሉ ልብ ያመኑኝ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ሚስተር ሬይ አንዷን መስመሬን አይተው ወዲያው ነጥቧ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቁጥሩ ብቻውን ሲሆን ቦታ ይይዛል፤ ነጥቧ ከፊቱ ስትቀመጥ ግን ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ትቆርጣለች። የሰውየው ስምና ማዕረግ በረዘመ ቁጥር የመልእክቱ ጭራ ያጥራል። ሙሉውን ያገኘሁት ስሜ ሁለት ፊደል የሆነው እኔ ብቻ ነኝ።

«ቢቆረጥስ» አሉ ሚስተር ሬይ፤ «ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ አይደለም?»

በእኛ ቋንቋ ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ እንደሆነ፣ ሰውየው ይሙት ይዳን የሚታወቀው ተናጋሪው ሲጨርስ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እናንተ አገር ሰው ሲናገር ማቋረጥ አይቻልም ማለት ነው» አሉ። እሳቸው የእኛን ስብሰባ አያውቁትም።

ይህን ሁሉ ጋሽ ወርቁ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰማሉ። «ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ከምሞት እኔም ልማር» ብለው አብረውኝ መጥተዋል። ያን ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ያረጀ፣ ግን የተተኮሰ። ሚስተር ሬይ የፈለጉትን ነገር ስክሪኑ ላይ እንዲያወጡ ነገሯቸው። ጋሽ ወርቁ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ጻፉ። አንዲት ቃል ወጣች፦

አለሁ

ሚስተር ሬይ ትርጉሙን ጠየቁኝ። እዚህ ነኝ ማለት ነው አልኩ፤ በሕይወት ነኝ ማለትም ነው፤ ደኅና ነኝ፣ አትጨነቁ ማለትም ይሆናል። አስተማሪው ከዚህ የሚያጥር አላየሁም ብለው እጃቸውን ዘረጉላቸው። ከዚያም አንድን ነገር ደጋግሞ እንዴት እንደሚያስጽፉ አሳዩዋቸው።

ጋሽ ወርቁ እንዳሏቸው አደረጉ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ፤ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ፣ ቃሏ እየተሰለፈች ወደ ላይ ትሮጣለች። ማቆሚያውን ማስገባት ረስተዋል። ላቆምላቸው እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረጉኝ።

«ተወው» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ምን አስቸኮለህ?»